አልበሙን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት

የቤተሰባችንን የድሮ ፎቶዎች ሰብስቤ አንድ ትልቅ የማስታወሻ አልበም ሠርቻለሁ። አምሮበታል፤ ጉራ አይሁንብኝና ያየው ሁሉ ይቀናል። ግን ገለጥ ገለጥ ስታደርጉት ስም የሌላቸው ፊቶች ይበዛሉ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መሰብሰቡ ቀላል ነው። ዘመድ ትለምናላችሁ፣ «ፈልጌ እሰጥሻለሁ» ትባላላችሁ፣ ደጋግማችሁ ትደውላላችሁ፣ በመጨረሻ ይገኛል።

ዋናው ሀብት የእናቴ አልበም ነበር። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ እና 80ዎቹ ፋሽን የነበረው ዓይነት ነው፤ ገጹ ሙጫ የተቀባ፣ ከላዩ ላስቲክ የሚሸፈን። ለአጠቃቀም የሚመቸውን ያህል ለፎቶ ጠላት ነው። ሙጫው እያደር ቢጫ ይሆንና ፎቶውን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ላስቲኩ ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ሲያረጅ አሲድ ይለቃል። እናቴ በየፎቶው አጠገብ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፋ ከላስቲኩ ሥር አስገብታ ነበር። ማን እንደሆነ፣ የማን ሠርግ እንደሆነ፣ ማን ከማን ተኳርፎ እንደቀረ ሳይቀር።

ፎቶ ወደ ዲጂታል እንቀይራለን የሚል አንድ ቤት ወሰድኩት። «እንደ አዲስ አድርገን እንመልስልሻለን» አሉኝ። ልወስድ ስሄድ አንድ ፍላሽ እና አንድ ፖስታ ሰጡኝ።

«አልበሙስ?»

«ሙጫው አርጅቶ ነበር፣ ጣልነው። ፎቶዎቹ ግን ሁሉም አሉ፣ ቁጠሪያቸው።»

«አጠገባቸው የነበረው ጽሑፍስ?»

«የቱ ጽሑፍ?»

ደሜ ፈላ። ኃላፊውን አስጠራሁ። እሱ ደግሞ ደረሰኙን ገልብጦ አሳየኝ፤ በጥቃቅን ፊደል «ኃላፊነታችን ለፎቶዎቹ ብቻ ነው» ይላል። ፎቶውን አልበሙ ላይ የለጠፈችው እጅ የጻፈችውን እንደ ቆሻሻ ጥለው ደረሰኝ ይገለብጡልኛል! እናቴን መልሼ እንዳልጠይቃት በሕይወት የለችም።

ቤቴ ገብቼ ፍላሹን ስከፍት ባሰ። የፎቶዎቹን ነጭ ጠርዝ ቆርጠውታል። ድሮ አንዳንድ አጣቢ ቤቶች ወሩንና ዓመቱን የሚያትሙት እዚያ ጠርዝ ላይ ነበር። ጀርባቸውን ጨርሶ አላነሱትም። ይባስ ብሎ ሳይጠይቁኝ በኮምፒዩተር «አሳምረውታል»። የአክስቴ ጉንጭ ላይ ያለው ጠባሳ የለም። ከኋላ ደብዝዞ የሚታየው ልጅ ደግሞ የማላውቀው ሰው ፊት ተገጥሞለታል። እንዲህ ያለ ፕሮግራም የጠፋውን ፊት አይመልስም፤ ገምቶ አዲስ ይሥላል። ይህን ብነግራቸው «ደንበኛ እንደዚህ ነው የሚወደው» አሉኝ። እስከ ዛሬ የቅናሽ መልእክት ይልኩልኛል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። አንዲት ፎቶ ከመነቀሏ በፊት እያንዳንዱን ገጽ እንዳለ፣ ከነጽሑፉ፣ በስልካችሁ አንሱ። ከዚያ ስካን ማድረጉን ራሳችሁ ሥሩት። ፊትም ጀርባም። 600 ዲፒአይ (የስካኑ ጥራት መለኪያ ነው) ለአብዛኛው ይበቃል፤ ለትንንሾቹ 1200 አድርጉት። የፋይሉ ዓይነት ለማስቀመጥ ቲፍ፣ ለመላክ ጄፔግ ይሁን።

የአጎቴን አልበም በዚህ መንገድ ነው የሠራሁት። የተጣበቀውን ፎቶ ሰም በሌለው የጥርስ ማጽጃ ክር ከሥሩ ቀስ ብሎ እንደ መጋዝ እየሳቡ ማላቀቅ ይቻላል። እምቢ ካለ ተዉት፣ ከነገጹ ስካን ይደረጋል። በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት የሚል ምክር ታገኛላችሁ፤ እኔ አልሞክረውም። ከፍሬም መስታወት ጋር የተጣበቀን ፎቶማ አትንኩት፣ ከነመስታወቱ አንሱት።

አንዳንዶች መጀመሪያ ለይ፣ ከዚያ ስካን አድርግ፣ ከዚያ ጠይቅ ይላሉ። እኔ አልስማማም። መጀመሪያ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቁ። የቀለም ፎቶ፣ በተለይ የ1970ዎቹ፣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦም ወደ ቀይ እያደላ ይደበዝዛል፤ ቢሆንም ዓመታት ይሰጣችኋል። ሰው ግን አይሰጥም። አክስቴን «ይሄ ማነው?» ስላት «እኔ እንጃ ልጄ» ትለኛለች። «እትዬ፣ ያን ቀን ምን ሆኖ ነበር?» ስላት ግን ማን ዘግይቶ እንደመጣ፣ ማን እንዳለቀሰ ትዘረግፈዋለች፤ ስሞቹ እግረ መንገዳቸውን ይመጣሉ። የስልካችሁን ድምፅ መቅጃ ክፈቱና ዝም በሉ። ከእናቴ ጽሑፍ ያተረፍኩት በዚህ መንገድ ያገኘሁትን ብቻ ነው።

ስለ ጓንትም ብዙ ይባላል። ለኔጌቲቭ እሺ። ለወረቀት ፎቶ ግን የጥጥ ጓንት ጣትን ያደነዝዛል፣ ጠርዙን ያስቀድዳል። ታጥቦ በደንብ የደረቀ እጅ፣ በዳር በዳሩ መያዝ፣ በቃ።

ለአዲሱ አልበም «አሲድ የለሽ» የሚል ጽሑፍ ብቻ አይታችሁ አትግዙ። ወረቀቱ ከሊግኒንም (ወረቀትን እያደር ቢጫ ከሚያደርገው የእንጨት ንጥረ ነገር) የጸዳ ይሁን፤ አይኤስኦ 18916 የተባለውን የፎቶ ፈተና ያለፈ ከሆነ ደግሞ ይመረጣል። ላስቲኩ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር ይሁን። ፎቶውን በማዕዘን መያዣ አስቀምጡት እንጂ ሙጫ አታስነኩት። ላሚኔት የሚባለውን፣ በላስቲክ አጣብቆ ማሸጉን፣ ጭራሽ አታስቡት፣ መመለሻ የለውም። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ለስላሳ እርሳስ ተጠቀሙ። ላስቲክነት ያለው የቀለም ፎቶ እርሳስ አይቀበልም፣ ስለዚህ አጠገቡ ወረቀት ላይ ጻፉ።

አንዳንዱ ሰው ለማስጌጥ ብሎ ፎቶውን በልብ ቅርጽ ይቆርጠዋል። እባካችሁ! ተቆርጦ የሚጣለው በር፣ ሬዲዮ፣ የጎረቤት መኪና ነው፤ ልጆቻችሁ አፍጥጠው የሚያዩት እሱን ነው። ማስጌጥ ካማራችሁ ኮፒ አሳትሙና እንደፈለጋችሁ ቁረጡ፣ አብለጭላጭም ለጥፉበት።

ፋይሉን በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ያዙ፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ይሁን። የኔ አንዱ ቅጂ እህቴ ጋ ነው። እሷ ፎቶዎቹን ለዘመድ ሁሉ በቴሌግራም በትናለች፣ እኔም አልከለከልኳትም። በዚያ ምክንያት ስም ካልነበራቸው ፊቶች ሁለቱን አንዲት የሩቅ ዘመድ ለይታልናለች።