ሳላይ የበላኋት ወታደር

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ድሬ ቢመሽም አልበረደላትም፤ እኔን የነሳኝ ግን ሙቀቱ አይደለም። ዛሬ ከዚራ፣ ዛፉ ሥር፣ ከጋሼ ጋር ቼዝ ስንጫወት በአራተኛው እርምጃ ፈረሴን በነፃ ሰጥቼ መጥቻለሁ።

ሦስት ወር ሙሉ የበርሊንን መከላከያ፣ ጥቁር የያዘ ሰው ጨዋታውን የሚከፍትበትን የእርምጃ ቅደም ተከተል፣ ስሸመድድ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2000 ለንደን ላይ ክራምኒክ ካስፓሮቭን የዓለም ሻምፒዮንነቱን ሲነጥቀው የተከለለበት መክፈቻ ነው። ካስፓሮቭ በ15 ጨዋታ አንዴም አላሸነፈም። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሌላ መክፈቻ አላማረኝም። ነጭ ካስል ሲያደርግ፣ ማለትም ንጉሡን ወደ ጥግ ወስዶ ሲከልል፣ ፈረሴ ኢ4 የሚባለው ቤት ላይ ያለችውን ወታደር ይበላል፤ ስምንተኛው እርምጃ ላይ ንግሥቶቹ ተበላልተው ይወጣሉ። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ሁሉ በልቤ እወጣው ነበር።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሰው ናቸው። የመክፈቻ መጽሐፍ ገልጠው አያውቁም። በሰያፍ የሚሄደውን ቢሾፓቸውን ቢ5 ላይ ሲያሳርፉ ደስ አለኝ፤ የለፋሁበት መጣልኝ። ሁለተኛውን ፈረሴን አወጣሁ። እሳቸው ግን ካስል አላደረጉም። ንግሥታቸው ፊት ያለችውን ወታደር አንድ ቤት ብቻ ገፋ አደረጓት፣ ዲ3 ላይ። እጄ አልጠበቀኝም። ኢ4ን በፈረሴ በላሁ። ያቺ አሁን የተገፋችው ወታደር ፈረሴን በላችው።

«አቦ ምነው ልጄ፣ ሳታይ?» አሉኝ። ፈረሴን ወደ ቦታው ሊመልሱልኝ እጃቸውን ዘረጉ። እምቢ አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለው አይወራም፤ ተሸነፍኩ።

ስንነሳ ዲ3ን ለምን እንደገፉ ጠየቅኋቸው። «ወታደሬ ብቻዋን ነበረቻ!» አሉኝ።

ቤት ገብቼ ሳየው፣ ታላላቆቹ ተጫዋቾችም ከበርሊን ለመሸሽ ይችኑ ዲ3ን ነው የሚጫወቱት። እኔ «ፈረስ ይበላል» የሚለውን ይዣለሁ፤ «ጠባቂ ስለሌላት» የሚለውን ግን ማንም አላስጠናኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

የድሮው የእኛ አገር ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ትዝ አለኝ። መጀመሪያው «ወረራ» ነው። አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠባበቁ ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ። እዚያ ሽምደዳ ምን ያደርጋል? ዓይን ከባላጋራ እጅ አይነቀልም።

ደብተሬን ከአንደኛው እርምጃ ጀምሬ እንደ አዲስ እየጻፍኩ ነው፤ በየእርምጃው ጎን «ለምን?» እያልኩ። ነገ ጋሼ ዲ3ን ከገፉ ቢሾፔን ሲ5 ላይ አስቀምጣለሁ። ቢሾፓቸው ፈረሴን ቢበላ በዲ ወታደሬ እበላዋለሁ። ከዚያ ፈረሳቸው ኢ5ን ካነሳ፣ ንግሥቴ ዲ4 ላይ ትገባለች፤ ፈረሱንም፣ ኤፍ2 ላይ ያለውን ማትም (ንጉሡን መውጫ አሳጥቶ ጨዋታውን የሚጨርሰውን) ባንዴ ትይዛለች። ይቺን ከመጽሐፍ አላገኘኋትም። ቦርዱ ላይ አፍጥጬ ነው የመጣችልኝ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ።