አምስት መቶ ወይስ ስድስት መቶ

ሐዋሳ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለወፍ ፎቶግራፍ የሚሆን ረጅም ሌንስ ለመግዛት ገንዘብ ማስቀመጥ ከጀመርኩ ቆይቷል። አሁን ገንዘቡ ሊሞላ ሲቃረብ ግን የትኛውን ልግዛ የሚለው ጥያቄ ከቁጠባው የባሰ አስቸጋሪ ሆኖብኛል። ሻጮችም ሆኑ ፎቶ አንሺዎች ወሬያቸውን የሚጀምሩት ከሚሊ ሜትር፣ ማለትም ሌንሱ ሩቁን ምን ያህል እንደሚያቀርብ ከሚናገረው ቁጥር ነው፤ 400 ያለው 500 ይመኛል፣ 500 ያለው 600፣ 600 ያለው ደግሞ 800። እኔ ሌንሱን የምጠቀምበት ቦታ ከወዲሁ የታወቀ ነው። ሥራ ከመግባቴ በፊት ባለው የጠዋት ጊዜ ከአሞራ ገደል እስከ ፍቅር ሐይቅ ባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በጀልባ የጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐይቁ እስከሚገባበት፣ ጥቁር ውኃ መግቢያ ድረስ ነው የምንቀሳቀሰው። ስለዚህ ሌንሱን የሚመርጥልኝ የሻጭ ዝርዝር ሳይሆን ይህ ዳርቻ መሆን እንዳለበት ወሰንኩ፤ ይህን ማስታወሻ የምጽፈውም ሐሳቤን በመስመር ለማስያዝ ነው።

ያለኝ ካሜራ ኒከን ዲ 7500 ነው። ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ሙሉ ፍሬም ከሚባለው ትልቁ መጠን ያነሰ በመሆኑ የሌንሱን የእይታ ማዕዘን በ1.5 እጥፍ ያጠብበዋል፤ 500 ሚሊ ሜትር ሌንስ በሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ 750 እንደሚያሳየው ያህል ያሳያል ማለት ነው። ለዚህ ካሜራ በእጅ ሊገቡ የሚችሉት ምርጫዎች ብዙ አይደሉም። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኒከን 200-500 ኤፍ 5.6 ነው፤ ኤፍ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ የሚለካ ቁጥር ሲሆን ሲያንስ ብርሃን ይበዛል። ሌሎቹ የሲግማና የታምሮን 150-600 ሌንሶች ሲሆኑ ጫፋቸው ላይ ኤፍ 6.3 ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ በዋጋ ከፍ ብሎ የተቀመጠው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው፣ ዙም የሌለው የኒከን 500 ኤፍ 5.6 ፒ ኤፍ ነው። ካሜራውን ጭምር ቀይሬ ወደ መስታወት አልባው (ሚረርለስ) ካሜራ ዓለም እንድሻገር የመከሩኝ ወዳጆችም አሉ፤ ምክሩ መልካም ነው፣ ኪሴ ግን አልተስማማም።

ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ልጀምር። ጠዋት ታንኳዎቹ መረባቸውን ይዘው ሲመለሱ ቆሮሶው፣ አምባዛውና ቢልጫው እዚያው ተገፎ ይበለታል፤ ሆድ ዕቃው ሲወረወር አባ ኮዳዎቹ እየተጋፉ ይሻማሉ። ቁመታቸው እስከ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርሰው እነዚህ ወፎች ሰውን ከምንም አይቆጥሩትም፤ አንዳንዴ ከእኔ ይልቅ እነርሱ ናቸው የሚጠጉኝ። እዚህ ቦታ ላይ ችግሩ ርቀት ሳይሆን ቅርበት ነው። ስለ ረጅም ሌንስ ሲወራ የሚዘነጋው አንዱ ነገር ሌንሱ ፎከስ ማድረግ የሚችልበት ትንሹ ርቀት ነው። የኒከኑ 200-500 እና የታምሮኑ ሁለተኛ ትውልድ 150-600 እስከ 2.2 ሜትር ድረስ ይቀርባሉ፤ ዙም አልባው 500 ግን 3 ሜትር ይፈልጋል። በቀላልነቱና በዋጋው ብዙዎችን የሚማርከው የካነን 800 ኤፍ 11 ደግሞ ወፉ ቢያንስ 6 ሜትር ካልራቀ ፎከስ አያደርግም። በዓሣ ገበያው ግርግር ውስጥ 6 ሜትር ወደ ኋላ ማፈግፈግ ማለት በእኔና በአባ ኮዳው መካከል ሦስት ዓሣ ገዢና አንድ ሕፃን ገብቶ መቆም ማለት ነው። ዙም የማይኖረውን ሌንስ የፈራሁትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በ500 ሚሊ ሜትር ከቅርብ የሚታየው የአባ ኮዳ ፎቶ የራሰ በራ ጭንቅላትና የአንድ ዓይን ፎቶ ብቻ ይሆናል። እርግጥ እንዲህ ያለው ፎቶም የራሱ ውበት አለው፣ ነገር ግን ሁልጊዜ እሱን ብቻ ማንሳት አልፈልግም።

ሐይቁ ላይ ሲወጣ ነገሩ ይገለበጣል። ከደንገሉና ከፊላው ጠርዝ ላይ የምትቀመጠው፣ አስጎብኚዎች ማላካይት የሚሏት ሰማያዊ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ርዝመቷ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በወረቀት ላይ አሰላሁት። ይህች ወፍ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ብትቀመጥ በ500 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሴንሰሩ ላይ የምትይዘው 6.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሴንሰሩ አግድም ስፋት 23.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከሩብ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ትወስዳለች፣ በፒክስል ሲቆጠርም 1,500 ያህል ይሆናል። ይህ ለእኔ በቂ ነው፤ የላባዋ ዝርዝርም የዓይኗ ብልጭታም ይወጣል። በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይህንኑ መጠን የማገኘው ከ12 ሜትር ርቀት ላይ ነው። በሁለቱ ሌንሶች መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ፣ በዚህች ወፍ ፊት፣ የሁለት ሜትር ልዩነት ብቻ ነው ማለት ነው።

ይህን ስሌት ለጀልባ ቀዛፊው ነገርኳቸው። በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በዚህ ሐይቅ ላይ የኖሩ ሰው ስለሆኑ የወፎቹን ጠባይ ከእኔ አሥር እጥፍ ያውቃሉ።

«ሁለት ሜትር ብቻ ነው የሚለየው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ታዲያ ሁለት ሜትር እኔ እጨምርልሽ የለ፣ ልጄ! አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ እንጂ» አሉኝ፤ ሞተሩን ከሩቁ አጥፍተው መቅዘፊያውን ውኃው ውስጥ ድምፅ ሳያሰሙ እየከተቱ ጀልባዋን በጎን አስጠጓት። ወፏ ፊት ለፊት የሄደባትን እንደ ጠላት ታየዋለች፤ በጎን ተንሸራቶ የሚመጣውን ግን እንደ ተንሳፋፊ ግንድ ነው የምትቆጥረው ይላሉ። እኔም በእርሳቸው ጀልባ ላይ ሆኜ ያየሁት ይህንኑ ነው።

ከስሌቱ ሌላ ያስገረመኝ ነገር አለ። የኒከን 200-500፣ የሲግማው 150-600 ኮንቴምፖራሪ እና የታምሮኑ ሁለተኛ ትውልድ ሦስቱም የፊት ፊልተራቸው ስፋት 95 ሚሊ ሜትር ነው። 500 ለ5.6 ሲካፈል 89፣ 600 ለ6.3 ሲካፈል ደግሞ 95 ይመጣል፤ ከወፏ የሚመጣውን ብርሃን የሚሰበስበው የመስተዋቱ ቀዳዳ በሁለቱም ዘንድ ከሞላ ጎደል እኩል ነው። የ800 ኤፍ 11ዱ ቀዳዳ ግን 73 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ሳለ የሚሰበስበው ብርሃን ያንሳል።

ብርሃኑ የሚያሳስበኝ በአሞራ ገደል ዋርካና ሾላ ዛፎች ሥር ስለምቆይ ነው። ጉሬዛዎቹ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ በሚዘሉበት በዚያ ጥላ ውስጥ ፍሬ ለመልቀም የሚመጡት ሆርንቢሎች ትልቅ ወፍ ቢሆኑም ጥቁር ላባቸው ብርሃን ይውጣል። ፀሐይ በዚህ ወር ከ12 ሰዓት ተኩል ቀደም ብላ ብትወጣም፣ ከዛፎቹ ሥር ብርሃኑ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። በኤፍ 5.6 አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት መለኪያ) 1600 ላይ የምሠራውን ሥራ በኤፍ 11 ለመሥራት አይ ኤስ ኦውን ወደ 6400 ማድረስ ያስፈልጋል፤ ሁለት ስቶፕ ማለት የብርሃን አራት እጥፍ ልዩነት ነውና። በ6400 የእኔ ካሜራ የጥቁር ላባን ዝርዝር ወደ ጭቃ ይለውጠዋል። በ5.6 እና በ6.3 መካከል ያለው አንድ ሦስተኛ ስቶፕ ግን እንቅልፍ የሚያሳጣ አይደለም።

በከተማችን ሠርግ የሚያነሳ ወዳጄ የ70-200 ኤፍ 2.8 ሌንሱን በሁለት እጥፍ ቴሌኮንቨርተር (በካሜራውና በሌንሱ መካከል ገብቶ ሚሊ ሜትሩን በሚያበዛ መሣሪያ) እንድጠቀም ሰጥቶኝ ነበር። በዚህ መንገድ 400 ኤፍ 5.6 ይገኛል፣ ነገር ግን ምስሉ ትንሽ ይለሰልሳል፤ ኦቶፎከሱም ይዘገያል። በአየር ላይ ክንፏን እያርገበገበች ልትቆም ከዚያም እንደ ድንጋይ ልትወረወር የምትችለውን ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሯን ዓሣ አጥማጅ ወፍ ለመከተል ይህ አይመችም። እርሷን ለማንሳት የሹተር ፍጥነቱን 1/2000 እና ከዚያ በላይ ማድረግ አለብኝ፤ ከዚህ በታች የክንፏ ጫፍ ይደበዝዛል። 200-500ው ላይ 1.4 ቴሌኮንቨርተር ብጨምርም 700 ኤፍ 8 ይሆናል፣ በኤፍ 8 ደግሞ የእኔ ካሜራ ፎከስ የሚያደርገው በመካከለኛው ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ ቴሌኮንቨርተር ከዝርዝሬ ወጣ።

አሁን ወደ ክብደቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ለብዙ ጊዜ ያወዛገበኝ እሱ ነው። የሲግማው ስፖርትስ የተባለው 2,860 ግራም ይመዝናል፤ ኮንቴምፖራሪው 1,930፣ የኒከኑ 200-500 ከእግሩ ጋር 2,300፣ ዙም አልባው 500 ግን 1,460 ግራም ብቻ ነው። የኔ ካሜራ ከባትሪው ጋር 720 ግራም ስለሚሆን 200-500ውን ስገጥምበት አጠቃላዩ 3 ኪሎ ይሞላል። ወዳጄ ከአዲስ አበባ ባስመጣልኝ በተውሶ ሌንስ ይህን ክብደት በእጄ ይዤ በፍቅር ሐይቅ መንገድ ሄጄበታለሁ። ትከሻ ላይ ሲንጠለጠል አይከብድም፤ ወደ ሰማይ አንጋጦ ንስር መከተል ሲጀመር ግን ክንድ ቶሎ ይዝላል። ጀልባ ላይ ትራይፖድ ጥቅም የለውም፣ የጀልባዋን መወዛወዝ ወደ ካሜራው ያስተላልፋልና። ግማሽ ድረስ ምስር የሞላሁበትን የጨርቅ ከረጢት በጀልባዋ ጠርዝ ላይ አድርጌ ሌንሱን ሳሳርፍበት ግን ክብደቱ ራሱ ጥቅም ይሆናል፤ ሌንሱ አይንቀጠቀጥም። ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ግን ከረጢቱም ከንቱ ነው። ሌንሱ ውስጥ ያለው የንቅናቄ መከላከያ እስከ 4.5 ስቶፕ ያግዛል ተብሎለታል፤ የሚያግዘው የእጅን መንቀጥቀጥ እንጂ የወፏን እንቅስቃሴ አለመሆኑን ግን ገዢ ሁሉ ቢያውቅ መልካም ነው።

የዓሣ ንስሯን ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አይሆንልኝም፤ ሰው ሁሉ ረጅም ሌንስ የሚመኘው ለእርሷ ነውና። ክንፏን ስትዘረጋ 2 ሜትር ይሞላል ወይም ያልፋል። በ60 ሜትር ርቀት ላይ በ500 ሚሊ ሜትር ከፍሬሙ ሁለት ሦስተኛውን ትሞላለች፤ በ40 ሜትር ደግሞ የክንፏ ጫፍ ከፍሬሙ ይወጣል። ዓሣ ልትይዝ ወደ ውኃው ስትወርድ ርቀቷ በሴኮንዶች ውስጥ ስለሚለዋወጥ ወደ 300 መመለስ የሚችል ዙም እፈልጋለሁ። ከሐይቁ ማዶ ዛፍ ላይ ያለችውን ንስር ለማንሳት ግን ምንም ሌንስ አይረዳም። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት በኋላ ውኃውና ባሕር ዳሩ መሞቅ ሲጀምሩ በመካከል ያለው አየር ይርገበገባል፤ 600ውም 800ውም የሚያጎሉት ይህንኑ መርገብገብ ነው። ያን ጊዜ ካሜራውን ከትቶ ወደ ሥራ መግባት ይሻላል።

ስለ ዋጋ አጠር አድርጌ ልጻፍ። ሲወጡ 200-500ው 1,400 ዶላር ገደማ፣ ዙም አልባው 500 ደግሞ 3,600 ዶላር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የተጻፈን ዋጋ ወደ ብር ማባዛት ልብ ያደክማል፤ የፒ ኤፉን ቀላልነት ብወደውም ከአቅሜ በላይ እንደሆነ የነገረኝ ይኸው ማባዛት ነው። አዲስ ሌንስ መግዛቱንም ትቼዋለሁ።

የምገዛው ያገለገለ 200-500 ነው። ለ100 ሚሊ ሜትር ስል ሲግማውን ወይም ታምሮኑን ያልመረጥኩት ከላይ ባሰላሁት ሁለት ሜትር ምክንያት ነው፤ በተጨማሪም ከ200 እስከ 500 በየትኛውም ቦታ ላይ ኤፍ 5.6 ሆኖ መቆየቱ የብርሃን ስሌቴን ያቀልልኛል። ሻጩን የማገኘው በቀን ብርሃን ነው። በስልክ መብራት ከኋላ በኩል እያየሁ በመስተዋቶቹ መካከል ሻጋታ መኖር አለመኖሩን አያለሁ፤ ሐይቅ አጠገብ የኖረ ሌንስ ከሆነ ይህ ቀዳሚው ጥያቄ ነው። የዙም ቀለበቱን በሙሉ አዙሬ አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ እንዳለው አዳምጣለሁ፤ ሲረዝም የሚወጣ ሌንስ አቧራ ይስባልና። ከዚያም በ500 ላይ ሙሉ በሙሉ ከፍቼ፣ አንድ ጊዜ ቅርብ አንድ ጊዜ ሩቅ ነገር አንስቼ፣ ፎቶዎቹን በስልክ ሳይሆን በላፕቶፕ አያለሁ። እነዚህን ካለፈ ገንዘቡን እከፍላለሁ።

ለፒ ኤፉ ሲባል ይጨመር የነበረው ገንዘብ ደግሞ ቁጠባው ውስጥ ይቆያል፤ ከጥር በፊት ወደ ጥቁር ውኃ መግቢያ በተደጋጋሚ ለመሄድ ለጋሼ ጀልባ የሚከፈለው ከዚያ ላይ ነው።