ቀዩ አበባ ቀይ እስኪሆንልኝ

ካሜራ ከያዝኩ አራተኛ ወር ላይ ነኝ። ፎከስ ማድረጉንስ ቶሎ ለመድኩት። ቀለሙ ግን በዓይኔ ካየሁት ጋር አልገጥም ብሎ ብዙ አታገለኝ። እንደኔ ጀማሪ ለሆናችሁ ይጠቅም እንደሆነ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ላይ መፍትሔው ሳቹሬሽን፣ ማለትም የቀለሙን ድምቀት መጨመር፣ ይመስለኝ ነበር። ፎቶው ደብዘዝ ካለብኝ ኮምፒውተር ላይ ሳቹሬሽኑን ከፍ አደርገዋለሁ። ሰማዩ ይደምቃል፣ ሣሩም ይደምቃል፣ የሰው ፊት ግን ብርቱካናማ ይሆናል። አንዱን ሳቃና ሌላው ይጣመማል። የኔ ችግር የቀለም ማነስ ሳይሆን የቀለም መዛባት እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። የተዛባ ቀለም ላይ ድምቀት ሲጨመርበት መዛባቱም አብሮ ይደምቃል።

ይህን ያሳየኝ አንድ ነጭ ሸሚዝ ነው። ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም ለካሜራው የብርሃኑን ዓይነት የምንነግርበትን ማስተካከያ፣ የፀሐይ ምልክት ያለበት ላይ አደረግኩና ሳልነካው ሦስት ቦታ አነሳሁት። አንዴ ፀሐይ ላይ፣ አንዴ ጥላ ውስጥ፣ አንዴ ደግሞ ማታ አምፖል ሥር። ሦስቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ደነገጥኩ። የአምፖሉ ሰም የመሰለ ቢጫ ነው። የጥላው ወደ ሰማያዊ ሄዷል። ነጭ የሆነው የፀሐዩ ብቻ ነው። በዓይኔ ግን ሦስቱም ቦታ ያው ነጭ ሸሚዝ ነበር። ለካ አእምሯችን ብርሃኑን እያስተካከለ ነው የሚያሳየን። ካሜራው ደግሞ የብርሃኑን ዓይነት ካልነገሩት በቀር የመጣለትን እንዳለ ይቀበላል።

የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው። የሻማ ብርሃን 1900 አካባቢ ነው። የድሮው ባለ ሽቦ አምፖል ከ2700 እስከ 3000፣ የቀን ፀሐይ ወደ 5500፣ ጠራ ባለ ቀን ጥላ ውስጥ ያለው ደግሞ 7000 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫና ብርቱካን ያዘነብላል፤ ሲጨምር ወደ ሰማያዊ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ግራ አጋብቶኝ ነበር። ካሜራው ላይ ኬልቪኑን ስጨምር ፎቶው ሰማያዊ በመሆን ፈንታ ቢጫ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቁጥሩን ስንጨምር ካሜራውን «ያለሁበት ብርሃን ሰማያዊ ነው» እያልነው ነው። እሱም ያንን ለማካካስ ቢጫ ይጨምርበታል። ይህ ከገባኝ በኋላ ቁጥሩን በግምት መነካካት ተውኩ።

ካሜራው ዋይት ባላንሱን በራሱ የሚመርጥበት አውቶው መጥፎ አይደለም። የሚስተው አንድ ቀለም ፎቶውን ሲሞላው ነው። ቅጠል ብቻ ካነሳችሁ አረንጓዴው ከብርሃኑ የመጣ ሊመስለው ይችላልና ይቀንሰዋል፤ ቅጠሉ ይገረጣል። ጀምበር ስትጠልቅም ያንን ወርቃማ ብርሃን እንደ ስህተት ቆጥሮ ሊያጠፋው ይሞክራል። ስለዚህ ማታ ማታ ለጀምበሯ የፀሐይ ምልክቱ ላይ አደርገዋለሁ። ቀለሙ በትክክል መውጣት ያለበት ነገር ሳነሳ ደግሞ ግራጫ ካርድ ይዣለሁ። ካርዱን የማነሳው ነገር ያለበት ቦታ፣ እዚያው ብርሃን ላይ አስቀምጠዋለሁ። ፍሬሙን እስኪሞላ ቀርቤ አነሳዋለሁ፤ ከዚያ ሜኑ ውስጥ ከስተም ዋይት ባላንስ ብዬ ያንን ፎቶ እመርጣለሁ። ነጭ ወረቀትም ሞክሬያለሁ። ብዙ ወረቀት ግን ነጭ እንዲመስል ማንጫ ኬሚካል ስላለበት ትንሽ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ካርዱ ይሻላል።

አሁን ወደ ቀዩ አበባ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ እሱ ነው። ዋይት ባላንሱ ልክ ነው። ፎከሱም ልክ ነው። ፎቶው ላይ ግን አበባው የተቆረጠ ቀይ ጨርቅ ይመስላል። የአበባው ቅጠሎች ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች የሉም፣ እጥፋታቸው የለም፣ ዝም ብሎ ቀይ። ሂስቶግራሙን፣ ማለትም የፎቶውን ብርሃን ከጨለማው (ግራ) እስከ ደማቁ (ቀኝ) የሚያሳየውን ግራፍ፣ አየሁት፤ መሃል ላይ ተቀምጧል፤ ችግር ያለበት አይመስልም። ቆይቼ ሦስቱን ቀለሞች ለየብቻ የሚያሳየውን ሂስቶግራም ከፈትኩ። አረንጓዴውና ሰማያዊው ደህና ናቸው። ቀዩ ግን የቀኙን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ከልክ በላይ ሞልቷል ማለት ነው!

ምክንያቱን ሳነብ ነገሩ ጠራልኝ። የአብዛኞቹ ካሜራዎች ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ቀለም የሚለየው በላዩ በተደረደሩ ጥቃቅን ፊልተሮች ነው፤ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩብ ቀይ፣ ሩብ ሰማያዊ። የኮዳኩ ብራይስ ባየር እ.ኤ.አ. በ1976 ፓተንት ያገኘበት አደራደር ነው። ተራው የብርሃን ሂስቶግራም ደግሞ እንደ ዓይናችን ይበልጥ የሚያደላው ለአረንጓዴ ነው። ቀዩ ሞልቶ ቢፈስም ላያሳውቃችሁ ይችላል።

የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዤ ብርሃኑን ወደ -0.7 ቀነስኩ። ትንሽ ተሻለ። -1 ላይ ሳደርገው በአበባው ቅጠሎች ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ቀዩም ጠለቅ አለ። ሳቹሬሽን ጫፉን አልነካሁም! በዚያ ቀን የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ይከብደኛል።

ካሜራው ቀለሙን በራሱ የሚያደምቅበትን ቪቪድ የሚለውን ስታይል ያጠፋሁትም በዚያው ሰሞን ነው። ቀዩን ከመጀመሪያው ያስሞላዋል። ሂስቶግራሙም የሚሠራው ከዚያው ከተቀነባበረው ምስል ስለሆነ ያሳስታል። አሁን ቀለሙን ብዙ በማይነካው ኒውትራል ላይ አድርጌ በሮው፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ፋይል፣ ነው የማነሳው። የተለመደው የፎቶ ፋይል ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ሲኖረው ባለ 14 ቢት ሮው 16384 አለው። ዋይት ባላንሱንም በኋላ መቀየር ይቻላል። ሴንሰሩ ላይ ሞልቶ የፈሰሰን ቀይ ግን ሮውም አይመልሰውም።

ለቅጠልና ለሰማይ ፖላራይዘር፣ ሌንሱ ላይ የሚገጠም ነጸብራቅ ቀናሽ ፊልተር፣ ገዝቻለሁ። አረንጓዴውን የሚሸፍነው በቅጠሉ ላይ የሚያብለጨልጨው ነጸብራቅ ነው፤ ፊልተሩን ስታዞሩት ሲገፈፍ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ለሰማይ ግን ፀሐይዋን በጎን አድርጋችሁ ካልቆማችሁ ብዙም አይሠራም።

አንድ ስህተቴን ልንገራችሁ። አንድ ምሽት ሙሉ ፎቶ ሳስተካክል አመሸሁ። ጠዋት ስከፍታቸው ሁሉም ሰማያዊ ሆነዋል። ለካ ስክሪኑ ማታ ማታ ራሱን ቢጫ የሚያደርግበት ሞድ ላይ ነበር፤ እኔም ያንን ቢጫ ለማጥፋት ስታገል ነው ያመሸሁት። አሁን ኤዲት ከማድረጌ በፊት ሞዱን አጠፋዋለሁ። ለስልክና ለኢንተርኔት ፎቶ ስታወጡም ከቀለም ስፔሶቹ (ፋይሉ ቀለሞችን ከሚመዘግብባቸው ስልቶች) ኤስአርጂቢን ምረጡ። ሌላው፣ አዶቢ አርጂቢ፣ ብዙ ቦታ ላይ ቀለሙ ሞቶ ነው የሚታየው።

ቀዩ ተሳክቶልኛል። አሁን የያዘኝ ሐምራዊ ነው። በዓይኔ ሐምራዊ የሆነው አበባ ካሜራዬ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ ግራጫ ካርድ ይዤም ያው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ አበባ ጠዋት፣ ቀትርና ጥላ ውስጥ እያነሳሁ አነጻጽራለሁ። ከእናንተ ውስጥ ሐምራዊን በትክክል ያወጣ ካለ እንዴት እንዳደረገው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።