ጉጉትን ከጉጉት በሌሊት መለየት

አንኮበርና ደብረ ሲና አካባቢ ጉጉት መለየት የሚፈልግ ሰው ከላባ ቀለም ባይጀምር ይሻለዋል። በባትሪ መብራት ሁሉም ቡናማ ነው። እኔን የጠቀመኝ መጀመሪያ ቦታውን፣ ከዚያ ድምፁን፣ በመጨረሻ ዓይኑን ማየት ነው።

ወፍ ዋሻ ደን ውስጥ፣ ጥድና ዝግባው ጥቅጥቅ ባለበት፣ ምት ጠብቆ ቶሎ ቶሎ የሚጮኸው አብዛኛውን ጊዜ የአፍሪካ የጫካ ጉጉት ነው። ወንዱ ወፈር፣ ሴቷ ቀጠን ባለ ድምፅ ይቀባበላሉ። ራሱ ድቡልቡል፣ ዓይኑ ጥቁር ነው፤ ጆሮ የሚመስል ላባ የለውም። ፊቱ ልብ የሚመስለው ነጩ ጉጉት ደግሞ ስለሚያንቋርር ከማንም ጋር አይምታታም።

ጣጣው ያለው ገደሉ ላይ ነው። ኬፕ ንስር ጉጉትና ግራጫው ንስር ጉጉት ሁለቱም ባለጆሮ፣ ሁለቱም ድንጋይ ወዳድ ናቸው። ኬፑ ይገዝፋል፤ ግን በጨለማ ርቀቱ ስለማይታወቅ ግዝፈት አልቆጥርም። ዓይን ግን ቁርጡን ይናገራል፤ የኬፑ ደማቅ ብርቱካንማ፣ የግራጫው ጥቁር ቡናማ ነው። ደረቱን ማየት ከተቻለ ኬፑ ላይ ጎላ ጎላ ያለ ጥቁር ጠቃጠቆ አለ። ወፉ ላይ መብራት አላቆይም። ከጎኑ ካለው ድንጋይ ጀምሬ ቀስ አድርጌ አስጠጋለሁ፣ አይቼ ወዲያው አጠፋለሁ። የተቀዳ ድምፅ ደጋግሞ ማሰማትም ከጎጆው ስለሚያስነሳው አላደርገውም።

ከሁሉም በላይ የረዳኝ የአገሬው ሰው ነው። ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ አንድ ሽማግሌ ገበሬ «ይሄ ወፍ ሟርተኛ ነው፣ አትከተለው ልጄ» አሉኝ። ገደሉ ሥር ጉጉቱ የተፋውን ደረቅ ድብልብል አንስቼ በጣቴ ፈለቀቅሁት። ከጠጉሩ መሀል ቢጫ ጥርሷ ያልወለቀ የአይጥ መንጋጋ ወጣ። መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና «ገብሴን የምትጨርሰዋ ናት እኮ!» አሉ።

አሁን በሄድኩ ቁጥር ከየትኛው ገደል እንደጮኸ፣ በየትኛው ሰዓት እንደወጣ እሳቸው ናቸው የሚነግሩኝ። «አባባ፣ ዛሬስ?» ስላቸው በከዘራቸው ያመለክቱኛል፤ የእኔ ሥራ ዓይኑን ማየት ብቻ ይሆናል።