ጊዜ ያለፈበት በርኖስ በእንግሊዝኛ የዋጋ ዝርዝር ላይ

ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የሸማኔዎች ማኅበር ከመንዝ በግ ፀጉር የሚሠራውን ባና፣ ምንጣፍና በርኖስ ለውጭ አገር ገዢ በእንግሊዝኛ ዘርዝሮ ላከ። መልሱ ሦስት ጥያቄ ይዞ መጣ። በርኖሱ ሳይሸጥ የተረፈ ከሆነ ቅናሹ ስንት ነው? ባናው የዕድሜ ማረጋገጫና ከአገር የመውጫ ፈቃድ አለው ወይ? የምንጣፉስ ቀለም ተበላሽቷል ማለት ነው? ዕቃው ምንም እንከን አልነበረበትም። ገዢውን ያደናገሩት ሦስት ቅጽሎች ናቸው።

ዝርዝሩን ያዘጋጀችው የሽያጭ ሠራተኛ የጻፈችው ሸማኔዎቹ ያሏትን ነው። በርኖሱ በአንድ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ያለ ጫፍ የሚወጣለት የጥንቱ ዓይነት ነው። አንጋፋው ሸማኔ «ይሄማ ጊዜ ያለፈበት ነው፣ ልጄ፤ ከተሜው የት ይለብሰዋል» ሲሏት «አውትዴትድ» አለችው። በአባቶች ጥለት አምና የተሸመነውን ባና «አንቲክ» አለችው። የምንጣፉን ቀለም ደግሞ ፋብሪካው ማምረት ስላቆመ «ኤክስፓየርድ» ብላ አለፈችው።

አማርኛችን መድኃኒቱንም፣ ሕጉንም፣ ስልኩንም፣ ቀሚሱንም «ጊዜ ያለፈበት» ይላል፤ ሰሚው ከነገሩ ይረዳዋል። እንግሊዝኛ ግን ያለፈው ምን እንደሆነ ለይቶ ይጠይቃል፤ ያለፈው ፋሽኑ ነው፣ አገልግሎቱ፣ ምርቱ ወይስ የተወሰነለት ቀን? ይህን ሳይለዩ መዝገበ ቃላት መግለጥ እንደዚህ ዓይነት ጣጣ ያመጣል።

«ኤክስፓየርድ» ቀን ተቆርጦለት ቀኑ ያለፈ ነገር ነው፤ ክኒን፣ ወተት፣ ፓስፖርት። መመረቱ የቆመ ነገር «ዲስኮንቲኒውድ» ይባላል፤ ዕቃው ደኅና ነው፣ ሌላ ግን አይመጣም። ይህ ለሻጭ የሚጠቅም ቃል ነው፤ ገዢው የቀረውን ቶሎ እንዲወስድ ያነሳሳዋል። «ኦብሶሊት» የሚባለው ሌላ ነገር ተክቶት ከሥራ ውጪ የሆነ ነው፣ እንደ ቴሌክስ፣ የድሮው የጽሑፍ መልእክት መላኪያ መሣሪያ። «አውትዴትድ» አዲስ ነገር ቀድሞት ወደ ኋላ የቀረ መረጃ፣ አሠራር ወይም ሶፍትዌር ሲሆን፣ ለልብስ ሲነገር ነቀፋ አለበት። ገዢው ቅናሽ መጠየቁ አያስገርምም።

ለበርኖሱ ቅርብ የሆኑት ቃላት ሁለት ናቸው። «አውት ኦፍ ፋሽን» ሰው አሁን አይለብሰውም ከማለት አያልፍም። «ኦልድ ፋሽንድ» ግን የቀድሞ ሰዎችን ወግ የያዘ ማለት ስለሆነ እንደ አነጋገሩ ምስጋናም ነቀፋም ይሆናል። ሁለቱም የዋጋ ዝርዝር ላይ ባይገቡ ይመረጣል። በመንዝ በርኖስ መልበስ ስላልቀረ ልኩ «ትራዲሽናል» (ባህላዊ) ነው።

የባናው ስህተት ከሁሉ ይከብዳል፤ ከሕግ ጋር ያነካካል። ዓለም አቀፉ የጉምሩክ ምደባ ዕድሜያቸው ከ100 ዓመት በላይ የሆኑ አንቲኮችን 9706 በሚል ቁጥር ለብቻቸው መድቧቸዋል። በእኛም አገር ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይከለክላል። ስለዚህ አዲስ ባና ላይ «አንቲክ» ብሎ መለጠፍ ገዢውን ማሳሳት ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ኬላ ላይ እንዲያዝ ሰበብ መስጠት ነው። «ቪንቴጅ» ቢባልም አይሆንም። ቃሉ ከወይን ለቀማ የመጣ ሲሆን የአንድ ዘመን እውነተኛ ሥራን ያመለክታል፤ ኢትሲ የተባለው የኢንተርኔት ገበያ ቢያንስ 20 ዓመት ይጠይቅበታል። ሰልባጅ ሁሉ ቪንቴጅ አይደለም። «ሬትሮ» አዲስ ተሠርቶ የድሮውን የሚመስል ነው፤ ሆኖም ቀርቶ የነበረ ፋሽን ሲመለስ እንጂ ያልተቋረጠ የሽመና ጥለት ላይ አያምርም። «ኤርሉም» የሚለው ቃል ከእናት ወይም ከአያት ለወረደ ዕቃ የሚያገለግል ደስ የሚል ቃል ነው፤ ያልወረሱትን ግን እንዲህ ማለት ውሸት ይሆናል።

ዝርዝሩ እንደገና ሲጻፍ ቅጽሉ ወደ መጨረሻ ተገፋ። በመጀመሪያ የዕቃው ስም፣ ቀጥሎ ከምን እንደተሠራ፣ ርዝመትና ወርድ በሴንቲሜትር፣ ክብደት በኪሎ፣ የተሠራበት ዓመት፣ ከዚያ ቅጽሉ። ባናው «ሃንድ ዎቨን፣ ትራዲሽናል ፓተርን» (በእጅ የተሸመነ፣ ባህላዊ ጥለት) ሆነ፤ ምንጣፉ ላይ ያለው ቀለም «ዲስኮንቲኒውድ ከለር» ተባለ። «ዴድ ስቶክ» የሚለውም ታስቦ ተትቷል፤ ለድሮ ልብስ ነጋዴ ያልተለበሰ የድሮ ዕቃ ማለት ሆኖ ሲያስደስተው፣ ለመጋዘን ሰው ግን የማይሸጥ ክምችት ነው።

ዓመቱ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። በመጋቢት 2016 የተሸመነ ባና «2016» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ የውጭው ገዢ ከእውነተኛው ጊዜ ስምንት ዓመት ቀድሞ የተሠራ አድርጎ ያነበዋል፤ 2024 ተብሎ መቀየር አለበት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም ለተሠራ ዕቃ የሚደመረው ሰባት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስምንት። ሸማኔው መዝገቡ ላይ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ወሩንም መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው።