መልቀቂያ ከማስገባታችሁ በፊት ከዋስትና ውጡ

ሰው ስለ ሥራ መልቀቅ ሲመክር ስለ ቁጠባ ያወራል፤ ስለ ድፍረት ያወራል። ዘመድ ሲቀጠር ስለፈረማችሁለት የዋስትና ደብዳቤ ግን ትንፍሽ ያለልኝ ሰው አልነበረም። ለወራት አንጠልጥሎ ያቆየኝ እሱ ነው። ቢያንስ እናንተ ስሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነበርኩ። ቤቴ ደሴ ነው። ጠዋት ጃኬት ደርቤ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ጃኬቱ ሸክም ይሆንብኛል። ደመወዙ አሪፍ ነበር። የቤት አበል አለ፣ የነዳጅ አለ፣ ዓመቱ ደህና ከሆነ ቦነስም አለ። እናቴ ቡና የጠራቻቸውን ጎረቤቶች ሁሉ፣ አቦሉ ሳይቀዳ፣ «ልጄ እኮ ማናጀር ነው» ትላቸዋለች።

ሥራውን ግን ጠልቼው ነበር። ባንክ ያልሠራ ሰው ይህን አይረዳም። ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊርማ መፈረም ይመስለዋል። ሥራው ልመና ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ ላይ ይዘጋል። ዋናው መሥሪያ ቤት የተቀማጭ ታርጌት፣ ይህን ያህል ብር ሰብስቡ የሚል፣ ይልክላችኋል። ከዚያ ነጋዴው ሱቅ ሄዳችሁ «ጋሼ፣ እባክዎ ለዛሬ ብቻ እኛ ጋ ያሳድሩልን» ትላላችሁ። ብሩ በመዝጊያው ቀን ማታ ይገባል፤ በማግስቱ ጠዋት ይወጣል። ሪፖርቱ ያምራል። አለቆቼም እንዴት እንዳማረ ያውቃሉ፤ ግን እንኳን ደስ አለህ ይሉኛል።

ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። ምክንያቱ የዋጋ ንረት ነው፤ በፖሊሲው ላይ ክርክር የለኝም። እኔን የገደለኝ ታርጌቱ እንዳለ መቀጠሉ ነው። ብር አምጡ ብዬ የለመንኳቸው ሰዎች ብድር ሲጠይቁኝ መልሴ «ትንሽ ይታገሱ» ሆነ። ኤልሲ፣ ማለትም ለውጭ አገር ዕቃ ግዢ ባንኩ የሚከፍተውን የክፍያ ሰነድ፣ የሚጠብቁት አስመጪዎችም ያው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሬው ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለ። ወረፋ ይጠብቁ የነበሩ ደንበኞቼ በድሮው ዋጋ ያሰሉት ሂሳብ ተገለበጠባቸው። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ቢሮዬ መጥተው ተቀመጡ። አልጮኹም። «ልጄ፣ ስትለምነኝ የነበረው ይህ እንደሚመጣ ሳታውቅ ነው፣ ወይስ እያወቅህ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። ባውቅም ግን ከመለመን አልመለስም ነበር፤ ታርጌት ነዋ። ለመልቀቅ የወሰንኩት የዚያን ቀን ማታ ነው።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። መኪናዬን ሸጬ የሠራተኛ ብድሩን ዘጋሁ። ከባንክ ስትለቁ ብድሩ በሠራተኛ ወለድ አይቀጥልላችሁምና ዕዳ ይዛችሁ አትውጡ። ደሴ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ አካውንቲንግ ለማስተማር ተስማማሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ የነጋዴዎች ሂሳብ ለመያዝም አሰብኩ። እቁቤን ተቀበልኩ። የዓመት ጤፍና በርበሬ ገዝቼ ቤት አስገባሁ። «የስድስት ወር ወጪ ባንክ አስቀምጥ» የሚለውን ምክር ብዙ አልወደውም። ብር ባንክ ካለ ዘመድ ይበደረዋል። ጤፍ ማንም አይበደርም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይስጥ ይላል። ሰጠሁ። የክሊራንስ ቅጹን፣ ዕዳም ንብረትም እንደሌለብኝ እያንዳንዱ ክፍል የሚፈርምበትን፣ ይዤ ዞርኩ። ንብረት ክፍል ፈረመ፣ አይቲ ፈረመ፣ ኦዲት ትንሽ አጉረምርሞ ፈረመ። የቀረው ቅርንጫፎቹን የሚመራው፣ ደሴ ያለው የባንኩ ዲስትሪክት የሰው ሀብት ክፍል ነበር።

ማህደሬ ተገለጠ። «ዋስትና አለብህ» አለኝ ሰውየው።

ነገሩ የቆየ ነው። የአክስቴ ልጅ በ2012 ደሴ ውስጥ በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ሆኖ ተቀጠረ። ገንዘብ የሚይዝ ሰው ዋስ ያቀርባል። ከዘመዱ ሁሉ ደመወዙ የሚበቃ እኔ ነኝ ተባለ፤ ፈረምኩ። ባንኩም «ሠራተኛችን ነው፣ ደመወዙ ይህን ያህል ነው፣ ከሥራ ሲለቅ እናሳውቃለን» ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ቅጂው ማህደሬ ውስጥ ቀረ። እኔም ረሳሁት፣ ባንኩም ረሳው፣ የአክስቴ ልጅም ረሳው። ያስታወስነው ልለቅ ስል ነው።

«ከዋስትናው መውጣትህን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጣ፤ ካለዚያ ክሊራንስ አይፈረምም።»

«ደብዳቤያችሁ እኮ የሚለው እናሳውቃለን ነው። አሳውቋቸውና ልቀቁኝ።»

«አሠራራችን ነው።»

አሠራር የሚባለው ነገር የት እንደተጻፈ ጠየቅኩ። አላሳየኝም። እስከ ዛሬም አላየሁትም።

ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ከዲስትሪክቱ በእግር የሚደረስ ነው፤ ይህን ልብ በሉልኝ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ጨዋ ነበረች።

«የየትኛው ዓመት ነው?»

«የ2012።»

«ውይ ወንድሜ! የ2014ቱን ረሳኸው እንዴ?»

ምኑን እረሳዋለሁ። ጥቅምት 2014 ከተማው በጦርነቱ ሲያዝ እኛም ተሰደናል። ስንመለስ ደሴም ኮምቦልቻም ያልተሰባበረ ቢሮ ማግኘት ከባድ ነበር። የኛም ቅርንጫፍ ወረቀቱ ወለል ላይ ተበትኖ ነው ያገኘነው። የነሱም መዝገብ ቤት ከዚያ በፊት የነበረው ፋይል ግማሹ የለም። የእኔ ዋስትና ከጠፋው ግማሽ ውስጥ ነው። በልጅቷ አልፈርድም።

የምፈርደው በኃላፊዋ ነው። «ፋይሉ ከሌለ ከምኑ ላይ እናነሳሃለን?» አለኝ። እሺ፣ ፋይሉ የለም ብላችሁ ጻፉልኝ አልኩት። ሳቀ። «ፋይል ጠፋ ብሎ የሚፈርም ሰው፣ ማን አጠፋው ተብሎ የሚጠየቀው ራሱ ነው» አለኝ። እንግዲህ ባንኩ ዘንድ ዋስ ነኝ፤ ዋስ የሆንኩበት መሥሪያ ቤት ዘንድ ግን የለሁም። ባንኩ ካለህበት ውጣ ይላል። እነሱ መቼ ገባህ ይላሉ።

የባንኩ ማህደር ውስጥ ያለው ቅጂ ይሰጠኝና ላሳያቸው አልኩ። «ማህደር ለሠራተኛ አይሰጥም፤ መሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ ይጠይቀን።» መሥሪያ ቤቱ ደግሞ «እኛ ጉዳይ የለንም፤ ባንኩ ይጻፍልን»። ሁለቱም አንድ ፒያሳ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ናቸው። ማን ቀድሞ ይጻፍ በሚል እኔን ያመላልሱኛል። በዚህ መሀል የማስጠንቀቂያ ጊዜዬ አለቀ። ደመወዝ ቆመ። የመጨረሻ ክፍያዬ ተያዘ። ኮሌጁ ክሊራንስና የሥራ ልምድ አምጣ ይላል። ማስተማር ጀምሬያለሁ፤ ደመወዝ ዝርዝር ውስጥ ግን አልገባሁም።

አዋጁን ይዤ ተመለስኩ። አንቀጽ 36 ውሉ ሲቋረጥ የሠራተኛው ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈል ይላል። ሰውየው አዋጁን እንኳ አላየውም። «አንተ የሥራ መሪ ነህ። አዋጁ የሥራ መሪን አይመለከትም።»

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። አዋጁ የሥራ መሪዎችን ከሽፋኑ ማውጣቱ እውነት ነው። የሥራ መሪ ማን ነው የሚለው ግን በማዕረግ ስም አይወሰንም፤ መቅጠር፣ ማዛወር፣ ማሰናበትን የመሰለ ሥልጣን መኖሩ ይታያል። እኔ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ እንኳ በራሴ ፊርማ መቅጠር አልችልም ነበር። የሰኔ ለማኝ የነበርኩት ሰውዬ፣ ገንዘቤን ስጠይቅ የሥራ መሪ ሆንኩ። ስታደጉ የሚሰጣችሁን ማዕረግ በዚህ ዓይን እዩት። ሥልጣን የሌለው «ማናጀር» ለእናት ቡና ነው የሚጠቅመው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ እሳት ነደደ። አክስቴ ሰማች። ደወለች። «አንተ ልጅ፣ የኔን ልጅ ከሥራው ልታስነሳው ነው?» ከዋስነት ከወጣሁ፣ ሌላ ዋስ እስኪያመጣ ከገንዘብ ያዥነቱ ያነሱታል ብላ ፈርታለች። አልሰደብኳትም። «አብሽሪ እትዬ፣ ምንም አይሆንም» አልኳት። እኔ ራሴ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

የጉዳዩን ቋጠሮ የፈታችው ግን አክስቴ ናት። በ2014 ስትሸሽ የቤቱን ካርታ፣ የልጆቿን ሰርተፊኬትና ማንኛውንም ማህተም ያለበት ወረቀት በፌስታል ጠቅልላ በጉያዋ ይዛ ነው የወጣችው። ማንበብ አትችልም፤ ማህተም ግን ታውቃለች። የዋስትና ውሉ ቅጂ እዚያ ውስጥ ተገኘ። ሁለት መሥሪያ ቤት፣ ስንት ሠራተኛና ስንት ቁምሳጥን እያላቸው ሊሰጡኝ ያልቻሉትን ወረቀት አንዲት ሴት በጉያዋ አቆየችው። ይህን ሳስብ አሁንም ያበሽቀኛል።

ወረቀቱን አንድ የማውቀው ጠበቃ አየው። «እስከ ስንት ብር» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 ደግሞ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል። ፍርድ ቤት ብንሄድ የመከራከሪያ ነጥብ አለን። እኔ ግን ፍርድ ቤት የምሄድበት ጊዜ የለኝም።

ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍኩ። አጭር። የውሉን ቅጂ አያያዝኩ፤ የገንዘብ መጠን እንደሌለው ገለጽኩ፤ ከዋስነት እንድሰረዝ፣ ካልሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ጠየቅኩ። ግርጌው ላይ «ግልባጭ» ብዬ የበላይ አካላቸውንና የባንኩን ዋና መሥሪያ ቤት ደረደርኩ። መዝገብ ቤት አስገብቼ በራሴ ቅጂ ላይ የገቢ ማህተምና ቁጥር አስመታሁ።

ግልባጩ ሠራ። ሕጉ አይደለም የሠራው፤ ቁጥር 1922ን ከመጤፍ የቆጠረው የለም። ያ የሳቀብኝ ኃላፊ ራሱ ደወለልኝ፤ «ወንድም፣ ለምን ነገሩን ታካብደዋለህ? ና እንነጋገር» አለኝ። የአክስቴ ልጅ መምህር የሆነ አጎታችንን ምትክ ዋስ አድርጎ አቀረበ። ቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ ደብዳቤው ተጻፈ። የአክስቴ ልጅም ከሥራው አልተነሳም። የሰው ሀብቱ ሰውዬ ደብዳቤውን ተቀብሎ፣ ሳያነብ፣ ክሊራንሱ ላይ ፈረመ። ሳያነብ!

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፤ ባንኩ ከሚነግራችሁ ጋር ይጋጫል። እነሱ መልቀቂያ አስገባ፣ ከዚያ ክሊራንስ ጨርስ ይላሉ። እኔ ግልብጡት እላለሁ። መልቀቂያ የሚል ቃል ከአፋችሁ ሳይወጣ፣ ገና ባለሥልጣን ሳላችሁ፣ ከዋስትና ሁሉ ውጡ። ማናጀር ሆኜ በስልክ አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ያው ኃላፊ በማግስቱ ይጨርስልኝ ነበር። የለቀቀ ሰው ጉዳይ ማንንም አያስቸኩልም። የፈረማችሁትን ሁሉ ቅጂ ቤታችሁ አስቀምጡ። በቃል የተባለን ነገር እንደተባለ አትቁጠሩት። ለዘመድ ቀድማችሁ አትንገሩ፤ የቤተ ዘመድ ጉባኤ ከማንኛውም ቢሮ ይብሳል። የጡረታ መዋጯችሁ፣ የእናንተ 7 በመቶና የአሠሪው 11 በመቶ፣ በትክክል መግባቱን ሳትለቁ አጣሩ።

ሁሉም ይልቀቅ አልልም። የሚያሳድጋቸው ልጆች ያሉትና ደመወዙ ብቻ የሚያኖረው ሰው፣ ሥራውን እየጠላ ቢቆይ አልታዘበውም። እኔ ልጅ የለኝም። የአሁኑ ገቢዬ የድሮውን ግማሽ ቢሆን ነው፤ ወር ሲጋመስ ይጠብበኛል። መኪናዋም ትናፍቀኛለች፣ በተለይ ክረምት ላይ ሐረጎ ጉም ሲሞላው የሚኒባሱን ሾፌር አነዳድ ሳይ። ኮምቦልቻ አሁንም እወርዳለሁ። የአንዳንዶቹን የድሮ ደንበኞቼን ሂሳብ የምይዘው እኔ ነኝ። ሰኔ ላይ «ባንኮች እየለመኑን ነው፣ የትኛው ጋ እናሳድር?» ብለው ያማክሩኛል። የት እንደምልካቸው አልነግራችሁም።

እናቴ አሁንም ማናጀር ነው ትላለች። የት እንደሆነ ግን አትናገርም።

ያልተጠቀምኩበት የዓመት እረፍት ክፍያ ጎድሎ ነው የመጣው። ስጠይቅ «የሥራ መሪ ስለሆንክ ስሌቱ ይለያል» አሉኝ። ስሌቱን በጽሑፍ አሳዩኝ ብዬ ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ የገቢ ማህተም አስመትቻለሁ። ግልባጭም አለው።