ከሳሽም ዳኛም ሆኜ ያገድኩት ሰው

አድሚን በሆንኩ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሰው አገድኩ። ጥፋቱ ትክክል መሆኑ ነበር።

ግሩፑ ስልክ የሚጠግኑና ስልካቸው የተበላሸባቸው ሰዎች የሚገናኙበት የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ያኔ አራት ሺህ ገደማ አባላት ነበሩት። አንድ ምሽት አንዲት ልጅ አዲስ ስልክ መግዛቷን ነግራን ባትሪው ዕድሜ እንዲኖረው ምን ማድረግ እንዳለባት ጠየቀች። እኔም እንደ ልማዴ ሌላው ሳይቀድመኝ፣ መጀመሪያ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርጊው፣ ከዚያም ሁልጊዜ ዜሮ ገብቶ ካልጠፋ በቀር አትሰኪው አልኳት። ምክሩን ከየት እንዳገኘሁት አላውቅም፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ይመስለኝ ነበር። ወዲያው አንድ አባል ከሥር ገባና «ይህ የኒኬል ባትሪ ዘመን ምክር ነው» አለ። ሳይሟጠጥ ደጋግሞ ሲሞላ አቅሙን «ይረሳል» የሚባለው የድሮው ኒኬል ካድሚየም እንደሆነ፣ ዛሬ ስልካችን ውስጥ ያለው ሊቲየም አዮን ግን እንዲህ ያለ ጠባይ እንደሌለው፣ እንዲያውም እየደጋገሙ ዜሮ ማስገባቱ እንደሚያደክመው፣ ለብዙ ጊዜ ሳይነካ የሚቀመጥ ስልክም ግማሽ ገደማ ተሞልቶ ቢቀመጥ እንደሚሻል በትዕግሥት አስረዳ።

መለስኩለት። መለሰልኝ። እኔ ስለ ልምድ ሳወራ እሱ ስለ ኬሚስትሪ ያወራል። አባላቱ ከእኔ መልስ ሥር ዝም፣ ከእሱ መልስ ሥር አውራ ጣት። በአምስተኛው ምልልስ ላይ «አድሚን መሆን ባትሪ ማወቅ አይደለም» አለኝ። ጣቴ ስሙ ላይ ሄደ። ለሰባት ቀን እንዳይጽፍ አገድኩትና ምክንያቱን «አክብሮት የጎደለው አነጋገር» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያም ለጥ ብዬ ተኛሁ። ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ ከእገዳው ይልቅ ያ እንቅልፍ ነው።

ቴሌግራም አድሚኖች የሚያደርጉትን ሁሉ ለ48 ሰዓት መዝግቦ ያቆያል፤ ማን ምን እንዳጠፋ፣ ማን ማንን እንዳገደ ሌሎቹ አድሚኖች ገብተው ማየት ይችላሉ። ይህን አላውቅም ነበር። ከእኔ ቀድማ አድሚን የሆነች፣ ከአሥር ዓመት በላይ ስልክ ስትፈታና ስትገጥም የኖረች ባለሙያ ጠዋት መዝገቡን አይታ አንድ መስመር ላከችልኝ፦ «ክርክሩን ብታሸንፈው ኖሮ ታግደው ነበር?»

መልስ ጻፍኩና አጠፋሁ። እንደገና ጻፍኩና አጠፋሁ። በመጨረሻ የላክሁት «አይ» የሚል ነበር።

እገዳውን አነሣሁ። ግሩፑ ላይም ትናንት ለልጅቷ የሰጠሁት ምክር የተሳሳተ እንደነበረ፣ ሰውየው ያለው ትክክል እንደሆነ፣ ማገዴም ጥፋት እንደነበረ ጻፍኩ። ብዙ ሰው የልብ ምልክት አደረገበት። እሱ ምንም አላለም። ግሩፑን ለቅቆ አልወጣም፣ ግን ለወራት አንድ ቃል አልጻፈም። ስሙን አባላት ዝርዝር ውስጥ ባየሁ ቁጥር አንድ ጎበዝ መላሽ በገዛ እጄ እንዳሳጣኋቸው አስታውሳለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ራሴ የገባሁበትን ክርክር አልዳኝም። ሰውየው የቱንም ያህል ቢሳደብ ጉዳዩን ለሌላ አድሚን አስተላልፌ ዞር እላለሁ።

ቆይቼ እንዳየሁት ይህ ነገር የእኛ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ የሳንታ ክላራ መርሆዎች የሚባል ሰነድ አለ። የተጻፈው ለትልልቆቹ ኩባንያዎች ሲሆን የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ምን ያህል ጽሑፍና ሰው እንዳገዱ ቁጥሩን እንዲናገሩ፣ የታገደውን ሰው ምክንያቱን እንዲያሳውቁት፣ ይግባኝ እንዲሰሙ። ይግባኙን የሚያየውም መጀመሪያ የወሰነው ሰው መሆን የለበትም። አራት አድሚን ላለው ግሩፕ ይህ ትንሽ ይገዝፋል። ቢሆንም የመጨረሻውን ነጥብ እንዳለ ወሰድነው፤ እኔ ያገድኩት ሰው አቤት የሚለው ለዚያች ባለሙያ አድሚን ነው፣ እሷ ያገደችው ለእኔ።

ወደ ሥራው እንዴት እንደገባሁ ሳልናገር ወደ ጥፋቴ ሮጥኩ። የግሩፑ መሥራች አንድ ሌሊት «ወንድሜ፣ ጥያቄ ሁሉ አንተ ነህ የምትመልሰው፤ ለምን አድሚን አትሆንም?» ብሎ ጻፈልኝ። ደስ አለኝ። አሁን ግን አድሚን የሚመረጥበት መንገድ ይህ መሆን የለበትም ባይ ነኝ። ብዙ የሚመልስ ሰው መከራከር የሚወድ ሰው ነው፤ ጎል የሚያገባውን አጥቂ ፊሽካ ሰጥቶ ዳኝ እንደማለት ነው። ሥልጣኑንም ሁሉ በአንድ ጊዜ አሸከመኝ፤ መልእክት ማጥፋት፣ አባል ማገድ፣ ሌላ አድሚን መሾም። ቴሌግራም እነዚህን አንድ በአንድ ለያይቶ መስጠት ስለሚያስችል ዛሬ አዲስ ለሚገባ አድሚን የመጀመሪያውን ወር መልእክት ማጥፋት ብቻ እንፈቅድለታለን። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ በዚህ ሹመት የሚበላ ነገር ስለሌለ የሚያሰክረው ያቺ «አግድ» የምትል ቁልፍ ብቻ ናት።

ስገባ የግሩፑ ሕግ 21 ነጥብ ነበረው። ከላይ ተሰክቷል፣ ማንም አያነበውም፣ እኔም አንብቤ አልጨረስኩትም። አምስት አደረግነው። አራቱን ማንም ይገምታቸዋል። ያስቸገረን ሦስተኛው ነው፤ የተቆለፈ ስልክ አከፋፈት እዚህ አይጠየቅም፣ አይመለስም ይላል።

«አካውንቱን ረስቼዋለሁ፣ ስልኩን እንዴት ልክፈተው?» የሚል ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣል። ጠያቂው በእርግጥ የረሳ ሰው ሊሆን ይችላል፤ የሰው ኪስ የገባ ሰውም ሊሆን ይችላል። ከመልእክቱ መለየት አይቻልም። አይኤምኢአይ የሚባለውን ባለ 15 አሃዝ የስልክ መለያ ቁጥር እንዴት እንደሚቀየር የሚጠይቅ ሲመጣ ግን ነገሩ ራሱን ይናገራል። ስለዚህ ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው። እኔም «ተቆለፈ» የሚል ቃል ባየሁ ቁጥር አጠፋለሁ፣ «ሕግ ቁጥር 3» ብዬ አልፋለሁ።

አንድ ቀን እንዲሁ አጥፍቼ ካለፍኩ በኋላ ሰውየው በውስጥ መስመር «አንብበኸዋል?» አለኝ። አላነበብኩትም ነበር። መልእክቱን ከመዝገቡ ፈልጌ አወጣሁት። አባቱ ከሞተ ሁለት ወሩ ነው። የአባቱ ድምፅ የተቀዳበትና የመጨረሻዎቹ ፎቶዎች ያሉበት ስልክ በእጁ ነው፤ የሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ግን የለም። ሰፈር ውስጥ ያለ ጠጋኝ «እከፍትልሃለሁ» ብሎታል፤ ልስጠው ወይ ብሎ ነው የጠየቀው። ስለ አከፋፈት የጠየቀው ነገር የለም።

ትክክለኛው መልስ «አትስጠው» የሚል ነበር። ብዙ ጊዜ «መክፈት» የሚባለው ስልኩን እንደ አዲስ አጥቦ ማስነሣት ነው፤ ስልኩ ይከፈታል፣ ፎቶውና ድምፁ ግን ይጠፋል። አፕልም ጉግልም የሟች ቤተሰብ ማስረጃ ይዞ ስለ አካውንቱ የሚጠይቅበት መንገድ አላቸው። ስልኩ ላይ ብቻ ያለው ነገር በዚያ መንገድ ላይገኝ ይችላል፤ ወደ አካውንቱ የተቀዳ ፎቶ ካለ ግን ተስፋ አለው። ይህን ሁሉ ጽፌ ላክሁለት። ስልኩን ለጠጋኙ አለመስጠቱን ሲነግረኝ እጄ ላይ ላብ ነበር። እኔ መልእክቱን ያጠፋሁት ጠዋት ነው፤ እሱ ወደ ጠጋኙ ሊሄድ ያሰበው ከሰዓት በኋላ።

ሕግ ቁጥር 3 ዛሬም አለ፣ አንድ ፊደል አልተለወጠም። የተለወጠው እኔ የማጠፋበት መንገድ ነው። ቃል አይቼ አላጠፋም፣ እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ሳጠፋም የቁጥር ስም አልጠራም፤ ለምን እንደጠፋና የት መሄድ እንደሚቻል በሁለት ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። በቀን ሃያ ጊዜ ሲሆን አርባ ደቂቃ ነው፤ አዎ፣ ይሰለቻል።

ማጥፋት ራሱ የሚመስለውን ያህል እንደማያጠፋ ያወቅሁት ደግሞ በሌላ ባትሪ ነው። አንድ ልጅ የስልኩን የኋላ ሽፋን የገፋ ያበጠ ባትሪ ፎቶ አንሥቶ ምን ላድርግ አለ። አንዱ «በመርፌ ውጋው፣ አየሩ ይወጣል» ብሎ መለሰለት። ይህ ቤት የሚያቃጥል ምክር ነው፤ ባትሪው ውስጥ ያሉትን ሁለት ወገኖች የሚለያቸው ስስ ሽፋን ነው፣ መርፌው ሲበሳው ይገናኛሉ፣ ሙቀቱ ራሱን እያባባሰ ይሄድና እሳት ይነሣል። እኔ መልእክቱን ባየሁ ቅጽበት አጠፋሁት፣ በራሴም ረካሁ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ያ ልጅ ጻፈልኝ፦ «አድሚን፣ ቅድም አንድ ሰው የነገረኝ ነገር ጠፋብኝ። በመርፌ ነው ወይስ በቢላዋ ነበር?»

መልእክቱን ከግሩፑ አጥፍቼዋለሁ፤ ከልጁ ጭንቅላት ግን አልወጣም። አሁን አደገኛ ምክር ሳይ መጀመሪያ የማደርገው ጠያቂውን በስሙ ጠርቼ መጻፍ ነው፦ እንዳትወጋው፣ እንዳትጫነው፣ ቻርጀሩን ንቀለው፣ ስልኩን አጥፋው፣ ሊቃጠል ከሚችል ነገር አርቀህ አስቀምጥና ባትሪውን ባለሙያ ይቀይርልህ። የተሳሳተውን ምክር የማጠፋው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያጠፋሁት ምን እንደነበረም እናገራለሁ።

ስለ ማስታወቂያ ለጣፊዎች ብዙ የምለው የለኝም። በገቡ በደቂቃ ውስጥ ሊንክ የሚለጥፉትን ቦት የሚባለው በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም ያጠፋቸዋል፣ ደህና ሁኑ። ከእነርሱ ይልቅ የሚያደክሙት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፉ መልሶች ናቸው። ቋንቋቸው የጠራ፣ በቁጥር የተደረደሩ፣ እርግጠኞች፤ ከዚያ ውስጥ አንዱ እርምጃ በዚያ ስልክ ላይ ፈጽሞ የሌለ ነገር ይሆናል። የፕሮግራም ጸሐፊዎች መጠያየቂያ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022፣ ቻትጂፒቲ ይፋ በሆነ በቀናት ውስጥ፣ በእሱ የተጻፉ መልሶችን ያገደው በዚሁ ምክንያት ነበር። እኛ ማገዱን አልሞከርነውም፤ ማን በምን እንደጻፈ አጣርቶ መለየት አንችልም፣ ባልተረጋገጠ ጥርጣሬ ሰው መቅጣት ደግሞ ያለፍኩበት መንገድ ነው። ይልቅ መላሹን አንድ ጥያቄ እንጠይቀዋለን፦ «ይህን በእጅህ ሠርተኸዋል?» የሠራ ሰው በየትኛው ስልክ ላይ እንደሠራው፣ የትኛው ብሎን እንዳስቸገረው ሳይቀር ይነግርሃል። ያልሠራው ዝም ይላል።

ድካሙን በተመለከተ፣ ለአንድ ዓመት ያህል ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነቅቼ ስልኬን አይ ነበር። ማንም አላዘዘኝም። በጎ ፈቃድ የሚባለው ነገር ጠርዙ የት እንደሆነ ቀድሞም ያነታርክ ነበር፤ አሜሪካ ኦንላይን የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ የውይይት ክፍሎቹን የሚጠብቁለት በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ነበሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ከነበሩት አንዳንዶቹ ሠራተኞች ነን፣ ደመወዝ ይገባናል ብለው ከሰሱት፣ ጉዳዩም በ2010 በ15 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። የእኛን ግሩፕ የሚከስም የሚከሰስም የለም። መፍትሔያችን ተራ መግባት ሆነ፤ ተራዬ ባልሆነ ቀን የግሩፑን ድምፅ እዘጋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ያለ እኔ የሚፈርስ መስሎኝ ነበር። አልፈረሰም፤ ትንሽ ቅር ብሎኛል።

ባለፈው ወር አንድ አባል ረዘም ያለ መልእክት ለጠፈ። አድሚኖቹ ያዳላሉ፣ በተለይ እኔ የማውቃቸውን ሰዎች ስሕተት አይቼ አልፋለሁ፣ የአዲሶቹን ግን ወዲያው አጠፋለሁ ይላል። ሁለት ምሳሌ አቅርቧል። አንዱ ልክ አልነበረም። ሌላውን ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ መልእክቱን ለዚያች ባለሙያ አድሚን አስተላለፍኩና «ይህ እኔን ይመለከታል፣ አንቺ እዪው» አልኳት። ማታ መልሷ መጣ፦ «ስድብ የለበትም። ይቆይ።»

ከሥሩ የመጀመሪያውን አስተያየት የሰጠው ያ የባትሪው ሰው ነው። ከእገዳው ወዲህ ሲጽፍ ገና ማየቴ ነበር። «ሁለተኛው ምሳሌ ትክክል ይመስለኛል» ብሏል። ትክክል ነው። መልእክቱም አስተያየቱም እስካሁን እዚያው አሉ።